«ሊያርፍ ብሎ ተነሳ» እና ሌሎች የነፋስ ጥያቄዎች

አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ስታርፍ ነፋስ አዙሯት ከማኮብኮቢያው ስትወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ አይታችሁ ከወሎ የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ጥቂቶቹን ልመልስ።

ጎማዋ መሬት ነክቶ የለ? ነፋስ ከዚያ በኋላ እንዴት ያዞራታል? (ከኮምቦልቻ)

ክፉው ሰዓት እሱ ነው። ባለአራት መቀመጫዋ ሴስና 172 ከነጭነቷ 1,200 ኪሎ አትሞላም። የጎን ነፋስ ጭራዋን ሲገፋው አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ይዞራል። በነፋሱ በኩል ያለው ክንፍም ይነሳል። አብራሪው ያንን ክንፍ በመሪው ዝቅ አድርጎ ይይዛል፤ በእግሩ ፔዳል አፍንጫዋን ያቀናል። ነፋሱ ድንገት አቅጣጫ ከቀየረ ግን ትክክል የነበረው አያያዝ ወዲያው ስህተት ይሆናል። ጎማ ሲነካ «ተገላገልኩ» ብሎ እጅን ማላላትም ብዙ አውሮፕላን ሰብሯል።

ጧት ጭጭ ያለው ነፋስ ከሰዓት ለምን ይነሳል? (ከደሴ)

ተራራው ነው። ፀሐይ የጦሳን ጎን ስታሞቀው አየሩ ከታች ሽቅብ ይወጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል።

ከጀርባ ቢነፍስ ምን ይጎዳል? ቶሎ ያደርሰው የለም? (ከወልዲያ)

መንገድ ላይ ያግዛል፣ ሲያርፉ ግን ጠላት ነው። በአየር ውስጥ 60 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) የሚሄድ አውሮፕላን የ10 ኖት ነፋስ ከፊቱ ካለ መሬቱን በ50 ይነካል፤ ከጀርባው ካለ በ70። ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት እጥፍ ያህል ሆነ ማለት ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ የፍጥነት ጌጁ ያው ቁጥር እያሳየ መሬት ላይ ያለው ፍጥነት 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

እናቴ የተሳፈረችበት አውሮፕላን ላሊበላ ሊያርፍ ጥቂት ሲቀረው ተመልሶ ተነሳ። እናቴ ከዚያ ወዲህ «አውሮፕላን እንዳትጠሩብኝ» ብላለች። አብራሪው ተሳስቶ ነው? (ከላሊበላ)

እናትዎ ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ሞተሩ በድንገት ሲያጓራና መሬቱ ሲርቅ የማንም ሆድ ይላወሳል። ግን ያ አብራሪ እናትዎን ጠብቋቸዋል። «ጎ አራውንድ» ይሉታል፤ ከሥልጠናቸው መጀመሪያ አንስቶ የሚለማመዱት ነው። ነፋሱ ከተለዋወጠ፣ ፍጥነቱ ከዋዠቀ፣ ከማኮብኮቢያው መሃል ከሳተ፣ ጉልበት ሰጥቶ ወደ ላይ መውጣት ነው። «ትንሽ ነው የቀረኝ» እየተባለ የደረሰው አደጋ ብዙ ነው። እኛ ተሳፋሪዎችም በዘገየው ደቂቃ አናጉረምርምበት። ለእናትዎ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ የጧት በረራ ይያዙላቸው፤ ነፋሱ ገና አይነሳም።