ስለ ዛፍ ፍቅራችሁ አትጻፉልኝ

በአካባቢ ሳይንስ ወይም በደን ሳይንስ ማስተርስና ፒኤችዲ ለመማር ማመልከቻ እያዘጋጃችሁ ላላችሁ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በደን ሥራ ነው። የተወሰነውን ዓመት ደግሞ የአመልካቾችን ጽሑፍ ቁጭ ብሎ በሚያነብ ኮሚቴ ውስጥ አሳልፌአለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ። አብዛኛው ጽሑፍ የሚጀምረው "ከልጅነቴ ጀምሮ ተፈጥሮን እወዳለሁ" ብሎ ነው። ቀጥሎ የዓለም ሙቀት መጨመር ይመጣል። ከዚያ ምድራችንን ስለማዳን። አምስተኛው ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ሰው ማን እንደነበር ይጠፋብኛል። እየቀለድኩባችሁ አይደለም፤ እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ ነበር የጻፍኩት።

የማልረሳት አንዲት አመልካች አለች። ውጤቷ መካከለኛ ነበር። የተማረችበትን ዩኒቨርሲቲ ከኮሚቴው አንዳችንም አናውቀውም። ጽሑፏ ግን ከፍቅር አልጀመረም። ከአንድ የማይረባ ቁጥር ነው የጀመረው።

ለመመረቂያ ሥራዋ በአንድ ደን ውስጥ ያለውን ካርቦን እያሰላች ነበር። ከናሙና ቦታዎቿ አንዱ ከሌሎቹ ጋር አልገጥም አላት። ዛፉ ያው ዓይነት፣ አፈሩ ያው፣ ካርቦኑ ግን ሰማይ ነክቷል። "ያፈነገጠ መረጃ" ብላ ልታወጣው ትችል ነበር። ማንም አይጠይቃትም። እሷ ግን ተመልሳ ደኑ ውስጥ ገባች። እዚያው ቦታ ላይ ዛፍ በዛፍ፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ የግንዱን ውፍረት እንደገና ለካች።

በደን ቆጠራ የምንጠቀምበትን ሜትር አይታችሁ ከሆነ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ፊት ተራ ሳንቲ ሜትር ነው። ሌላው በግንዱ ዙሪያ ስትጠመጥሙት ዲያሜትሩን በቀጥታ ያነብላችኋል። መጀመሪያ ስትለካ ያገዛት ልጅ ያነበበው የተሳሳተውን ፊት ነበር። 94 ተብሎ የተመዘገበው ዛፍ ዲያሜትሩ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ዙሪያው ነው 94። "ታዲያ ሦስት እጥፍ ቢሆን ነው" እንዳትሉ። ካርቦኑ የሚሰላው ከዛፉ ክብደት ነው፤ ክብደቱ ሲሰላ ደግሞ ዲያሜትሩ ወደ 2.5 በሚጠጋ ርቢ ነው የሚገባው። ስለዚህ ስህተቱ 17 እጥፍ አካባቢ ይሆናል። ሜትር ገልብጦ በማንበብ ብቻ ደን ሙሉ ካርቦን ተፈጠረ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ጻፈችው። ልጁን አልወቀሰችም፤ ሳታሳየው ያሰማራችው ራሷ መሆኗን ነው የጻፈችው። መጨረሻ ላይ አሁን የመመዝገቢያ ቅጿ ላይ "የትኛው ፊት?" የሚል ሳጥን እንዳለ ነገረችን። በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበርነው አንድም ሰው ስለ ውጤቷ አላነሳም።

እንግዲህ እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለ አንድ ነገር ነው። ቀረብ ብላችሁ ያያችሁት፣ ያስቸገራችሁ፣ ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ የተከታተላችሁት። ትልቅ መሆን የለበትም። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ አንዱ መደብ ለምን እንደደረቀ ሊሆን ይችላል። ሜዳ የመውጣት ዕድል ያላገኛችሁም ብትሆኑ ምክንያት የላችሁም። የላንድሳት ሳተላይቶች በፈረንጆቹ ከ1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሱ ኖረዋል። ምስሎቹ ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ለማንም በነፃ ክፍት ናቸው። ምስሎቹን ካርታ ላይ የምታዩበት ኪውጂአይኤስ የሚባለው ፕሮግራምም ነፃ ነው። የምታውቁትን አንድ ኮረብታ አውጡና የዛሬ 20 ዓመት ምን ይመስል እንደነበር እዩ። የሚያስገርማችሁ ነገር አይጠፋም። ሳተላይቱ ደን ነው ያለውን ቦታ እናንተ በእግራችሁ ስለምታውቁት "ኧረ ይሄ ቁጥቋጦ ነው!" ብላችሁ ትከራከሩ ይሆናል። እሱን ጻፉልኝ።

የትምህርት ቤቱ ስም ላይ ብዙ አትጨነቁ። በእርግጥ ታሪክ ያላቸው አሉ። ጀርመን ውስጥ ታራንት የደን ትምህርት የተጀመረው በ1811 ነው። አሜሪካ ውስጥ ዬል ዩኒቨርሲቲ በ1900 ጀመረ። ሲራኪውስ ያለው የኒው ዮርክ ስቴት የደን ኮሌጅ በ1911 ተቋቋመ። የሚገርመው ዬልም ሲራኪውስም "አካባቢ" የሚለውን ስማቸው ላይ የጨመሩት በዚያው በ1972 ነው። ዬል በ2020 ደግሞ "ደን" የሚለውን ከትልቁ ስም አውጥቶ የአካባቢ ትምህርት ቤት ተባለ፤ ደኑ በውስጡ ራሱን የቻለ ክፍል ሆነ። ይህን የምነግራችሁ ስሙ ስለ ውስጡ ብዙ እንደማይናገር እንድታዩ ነው። የአካባቢ ሳይንስ በሚል ስም አንዱ ጋ የውኃ ኬሚስትሪ፣ ሌላው ጋ ፖሊሲና ሕግ ትማራላችሁ። የደን ማስተርስም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ምርምር ነው፣ በመመረቂያ ጽሑፍ ያልቃል። ሌላው ለሥራ የሚያዘጋጅ፣ በኮርስ የሚያልቅ ነው። ሁለቱን ያምታቱ ስንቶችን አይቻለሁ። የኮርሱን ዝርዝር አውርዳችሁ አንብቡ። አሰልቺ ነው፤ ግን አንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወደ ሰዉ።

ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የምርምር ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ የምታመለክቱ ከሆነ በሩን የሚከፍትላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ኮሚቴው ሳይሆን አማካሪ የሚሆናችሁ ፕሮፌሰር ነው። እሱ ገንዘብና ቦታ ከሌለው ኮሚቴው ቢወዳችሁም ዋጋ የለውም። አውሮፓ ውስጥ ብዙው ማስተርስ ከዚህ ይለያል። ለፕሮግራሙ ነው የምታመለክቱት፤ አማካሪ የሚመጣው ኋላ ነው። ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባሉት የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ማስተርሶችም እንደዚያው ናቸው፣ ቢያንስ ሁለት አገር እያዟዟሩ ያስተምራሉ። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ለአውሮፓ ፕሮፌሰሮች ሲጽፉ ከርመው የአሜሪካኖቹን ጊዜ ያሳለፉ ልጆች አውቃለሁ።

ለፕሮፌሰር የሚጻፍ ኢሜይልን በተመለከተ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሳመለክት አንድ ደብዳቤ አሳምሬ ጻፍኩና ስም ብቻ እየቀያየርኩ ለ20 ሰው ላክሁት። አንዱ ላይ ስሙን መቀየር ረሳሁ። መልስ የመጣልኝ ከእሱ ብቻ ነው፤ አንድ መስመር፦ "ይህ ደብዳቤ የጎረቤት ቢሮ ነው፤ አድርሼልሃለሁ።" መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ስለዚህ ጥቂት ሰው ምረጡ። አራትም አምስትም ይበቃል። የእያንዳንዳቸውን በቅርብ የወጡ ሁለት ጽሑፎች አንብቡ። መግቢያውን ማንም ያነባል፤ እናንተ መረጃው እንዴት እንደተሰበሰበ የሚናገረውን ክፍል አንብቡ። እዚያ ውስጥ ጥያቄ አይጠፋም። ለምን ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች ያሉትን ዛፎች ተዋችሁ? ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የመጣለት ፕሮፌሰር ቀና ብሎ ይቀመጣል። ደብዳቤው ከግማሽ ገጽ አይለፍ። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደሠራችሁ፣ ጥያቄያችሁ፣ ከዚያ "በሚቀጥለው ዓመት ፋንድ የሚሰጡት ተማሪ ይቀበላሉ?" ይኸው ነው። ለማሽን ሰጥታችሁ ካጻፋችሁትም ያስታውቃል፤ "የላቀ ምርምርዎ እጅግ አነሣሥቶኛል" የሚል ነገር አይቀርበትም።

ብዙዎቹ የመጨረሻ ቀናቸው ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ ስለሚሆን ሴፕቴምበር ላይ መጻፍ ጀምሩ። ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ መልስ ካጣችሁ አንዴ አስታውሱ። ከዚያ ተዉት። ዝምታው ንቀት አይደለም፤ የተመራማሪ ኢሜይል ሳጥን ምን እንደሚመስል ብታዩ ታዝኑለት ነበር።

ገንዘብ መጠየቅ አያሳፍርም። የምርምር ተማሪ ብዙ ጊዜ የምርምር ወይም የማስተማር ረዳት ሆኖ ይሠራል፤ በምላሹ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፣ ወርሃዊ ድጎማም ያገኛል። የኮርስ ማስተርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኪስ ነው። የድጋፍ ግብዣው ሲመጣላችሁ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ የክረምቱን ወራት እንደሚጨምር፣ የጤና መድን እንዳለው ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙት ስምምነት አለ፤ ድጋፍ የተሰጠው ተማሪ ከኤፕሪል 15 በፊት መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። "ነገውኑ ወስን" የሚላችሁ ካለ ይህን ቀን በትህትና አንሡለት።

ከመወሰናችሁ በፊት ደግሞ የፕሮፌሰሩን ተማሪዎች አነጋግሩ። "ጥሩ ሰው ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም "አዎ" ነው የሚለው። "ረቂቅ ስትልክለት በስንት ቀን ይመልሳል?" በሉ። ከመልሱ በፊት የምትመጣዋን ዝምታ አድምጡ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ጂአርኢ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ብዙ ፕሮግራሞች ትተውታል፤ ሳታጣሩ ገንዘባችሁን አታውጡበት። የድጋፍ ደብዳቤ ከታዋቂው ሰው ይልቅ ጭቃ ውስጥ ስትሠሩ ካያችሁ ሰው ይሻላል፤ ግን አንድ ወር ቀደም ብላችሁ፣ ከነረቂቃችሁና ከነቀን ገደቡ ስጡት። የወደቃችሁበት ሴሚስተር ካለ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱና እለፉ፤ ለቅሶ አታድርጉት። ስታቲስቲክስ የምትፈሩ ከሆነ አሁኑኑ አር የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑና ተጋፈጡት፤ ገብታችሁ ከምታለቅሱ አሁን አልቅሱ።

የእኔ ነገር እንዴት አለቀ መሰላችሁ? የመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ቦታ ተከለከልኩ። ያ የተሳሳተ ደብዳቤ የደረሰው "ጎረቤት" ግን ከወራት በኋላ ጻፈልኝ፤ ዘንድሮ ፋንድ የለኝም፣ ለከርሞ ሞክር አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት አራት ደብዳቤ ብቻ ጻፍኩ። አንዱ ለእሱ ነበር፤ ስሙን ሦስት ጊዜ አይቼ ነው የላክሁት። አማካሪዬ ሆነ። ያኛው ፕሮፌሰር እስክመረቅ ድረስ ኮሪደር ላይ ባገኘኝ ቁጥር በጣቱ የሚቀጥለውን በር ያሳየኝ ነበር።