ፎርማት ከማስደረግሽ በፊት አንዴ ስሚኝ

እህቴ፣ ታስክ ማናጀር (ኮምፒውተሩ ላይ የሚሮጠውን ሁሉ የሚያሳየው መስኮት) ውስጥ «ሰርቪስ ሆስት» የሚል ከ60 በላይ ተደርድሮ አይተሽ «ቫይረስ ነው? ፎርማት ላስደርገው?» ብለሻል። ተይ! እኔም ልክ እንዳንቺ ደንግጬ ነው ጉድ የሆንኩት።

1ኛ. ብዛቱ አያስደንግጥሽ። ዊንዶውስ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ አፕዴቱን የሚያስኬደው በዚህ ፋይል አማካይነት ነው። ድሮ ብዙዎቹን አንድ ላይ ያጭቃቸው ነበር። ከ2017ቱ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ ግን ራሙ ከ3.5 ጊጋ በላይ በሆነ ኮምፒውተር ላይ አብዛኞቹን ለየብቻ ያስኬዳቸዋል። አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ ነው። ያንቺም 8 ጊጋ ይሆናል መቼም፤ የእኔ እንደዛ ነበር።

ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. ላፕቶፔ ሲንቀራፈፍብኝ ዝርዝሩን በስልኬ ፎቶ አንስቼ አንድ ጥገና ቤት ሄድኩ። ልጁ ፎቶውን በቅጡ እንኳን አላየውም። «በቫይረስ ተበልቷል፣ ይፎርማታል፣ 400 ብር።» ዲ ላይ፣ ማለትም ሁለተኛው የዲስኩ ክፍል ላይ፣ ፎቶዎች አሉኝ ስለው «ዲ አይነካም ብሮ፣ አትጨናነቅ» አለኝ። ማታ ስመለስ ሲን እና ዲን ጨፍልቆ አንድ አድርጓቸዋል። የልጄ ክርስትና ፎቶ፣ አባቴ አብሮን የዋለበት የመጨረሻው ፋሲካ፣ አንዱም የለም። ስጮህበት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ባክአፕ መያዝ ያንተ ሥራ ነው።» 400 ብሯንም አልተወልኝም!

ቤት ገብቼ ታስክ ማናጀር ስከፍት ሰርቪስ ሆስት እንደ ጉድ ተደርድሯል። አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ ላይ! ያኔ ነው ተቀምጬ ማንበብ የጀመርኩት። ለካ ሲያንቀራፍፈኝ የነበረው የዊንዶውስ የራሱ ፀረ ቫይረስ ኖሯል፤ «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪዩተብል» የሚለው። ያረጀ ሃርድ ዲስክ ላይ ፍተሻ ሲጀምር ዲስኩን 100% ሊያደርሰው ይችላል። አንድ ሰዓት ብታገሠው ኖሮ ፎቶዎቼ ዛሬም ነበሩ።

2ኛ. ስሙን ተይውና አድራሻውን እዪ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። የጠረጠርሽው ላይ ራይት ክሊክ፣ ከዚያ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን»። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሲስተም 32 ፎልደር ከተከፈተ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። አፕዳታ ወይም ቴምፕ የሚባል ፎልደር ውስጥ ከወሰደሽ ግን ጠርጥሪ። የፋይሉን ስም ፊደልም ቁጠሪ፤ እውነተኛው ኤስ፣ ቪ፣ ሲ ብሎ ነው «ሆስት» የሚለው። ቪ እና ሲን አቀያይሮ የሚመጣ አስመሳይ አለ።

ከዚያ ወዲህ አንድ እውነተኛ ሌባ በእጄ ይዣለሁ፤ ልኩራበት እንጂ! የእህቴ ልጅ ከፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ይዞ መጣ፤ ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ደብሊውስክሪፕት» የሚባል ይሮጣል። እሱ ራሱ የዊንዶውስ ነው፣ ሲስተም 32 ውስጥ ነው ያለው። ጥፋቱ እሱ የሚያስኬደው የስክሪፕት (የትእዛዝ ዝርዝር) ፋይል ነው፤ ያ ደግሞ አፕዳታ ውስጥ ተደብቋል። አድራሻው ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ የምልሽ ለዚህ ነው። አጠፋሁት፣ የተደበቁትን ፎልደሮች መለስኩ፣ ፎርማት የሚባል ነገር አልነካኝም።

3ኛ... አዎ፣ ዳታሽ። በስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሚ ከሆነ ፓኬጅሽን የሚጨርሰው ከሰርቪስ ሆስቶቹ አንዱ፣ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚለው ሊሆን ይችላል። አፕዴት ያወርዳል፤ እንደ ሴቲንጉ ለሌላ ሰው ኮምፒውተርም ይልካል። ዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን፣ ዳታ የሚያስቆጥበውን፣ አብሪው።

ያላወቅሽውን ሁሉ «ኤንድ ታስክ» አትበዪ ደግሞ። እኔ ማስጠንቀቂያውን ችላ ብዬ አንዱን ዘግቼ ዊንዶውስ ተበላሽቶ ሲቆም የሚመጣው ሰማያዊው ስክሪን ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሏል።

አሁን ላፕቶፑን የትም እንዳትወስጂ። የሚከፈተውን ፎልደር ስም ብቻ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ አየዋለሁ።