የሳንስክሪት ግስ መፍቻ ሶፍትዌር፦ ጠይቁኝ (ግን ቃሉን ጻፉ)

የሳንስክሪት ቃል ስታስገቡለት ስሩንና ቅርጹን የሚነግራችሁን ሶፍትዌር በተመለከተ ዛሬ ማታ አለሁ፣ ጠይቁ። ያስገባችሁትን ቃልና የመረጣችሁትን አጻጻፍ (ሳንስክሪቱን በላቲን ፊደል የምትጽፉበትን ስልት) ሳትነግሩኝ ግን «አልሰራም» እንዳትሉኝ።

ሰሚራ፦ መምህር፣ ጋቻቲ ብዬ ሳስገባ ሁለት መልስ ሰጠኝ፣ ተበላሽቶ ነው?
መልስ፦ አልተበላሸም። ጋቻቲ «ይሄዳል» ነው፣ «በሚሄደው»ም ነው፣ ራሜ ጋቻቲ ካልሽ ደሞ «ራማ ሲሄድ» ይሆናል። ሶፍትዌሩ የሚቻለውን ሁሉ ይዘረዝራል፣ መምረጡ ያንቺ ነው፣ ስለዚህ ቃል ነጥላችሁ አታስገቡ።

ኮደሩ፦ ከሶፍትዌሮቹ የቱ ይሻላል?
መልስ፦ ለምን ስራ? እሺ ልንገርህ። ፈረንሳዊው ዤራር ዩዌ በኦካምል (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) የሰራው የግሱን ቅርጾች ቀድሞ አርብቶ ያስቀምጥና ቃላቱ የተጣበቁበትን ጽሑፍ ወደ ኋላ እየቆረጠ ከነሱ ጋር ያገናኛል፣ ማንበብ ከሆነ ስራህ እሱን ያዝ። ቪድዩት የሚባለው ሶፍትዌር ደሞ በተቃራኒው ከስሩ ተነስቶ የጥንቱን የህንድ ሰዋስው ሊቅ የፓኒኒን ደንብ አንድ በአንድ እየተገበረ ቅርጹን ይሰራልሃል፤ ስሩ ብሁ («መሆን») ብሆ ይሆናል፣ አ ሲከተለው ብሃቫ፣ ቲ ሲጨመር ብሃቫቲ፣ በየእርምጃው የደንቡን ቁጥር ያሳይሃል። የፓኒኒ ስራ ወደ 4000 ደንብ፣ ወደ 2000 ስር፣ 10 የግስ ምድብ ነው፣ ይሄን ከ2000 አመት በፊት ያለ ኮምፒውተር የሰራ ሰው አለ እኮ!

ዳዊት፦ የኔ አልሰራም
መልስ፦ ምን አስገባህ?
ዳዊት፦ ብሃቫሚ
መልስ፦ ቫ ላይ ያለው አ ረጅም ነው፣ አጭር አድርገህ ጻፍከዋ። ቬልቱይስ በሚባለው አጻጻፍ ሁለት ኤ፣ ሃርቫርድ ኪዮቶ በሚባለው ካፒታል ኤ። አጻጻፉን ምረጡ አልኩ!

ሀበሻው፦ ለግዕዝ ሳይሰራ ሳንስክሪት ምን ያደርግልናል
ኮደሩ፦ ለአማርኛ እኮ አለ፣ ሆርንሞርፎ የሚባል ሶፍትዌር፣ ትግርኛና ኦሮምኛም ይፈታል
ሀበሻው፦ አማርኛ ግዕዝ ነው እንዴ?
ሰሚራ፦ አማርኛም ያው ጣጣ ነው፣ «ይበላል» ብለህ ስትጽፍ ሰውየው ይሁን እንጀራው በምን ይለያል፣ የሚጠብቀው አይጻፍ
መልስ፦ ሰሚራ ልክ ናት። የግዕዙን ክርክር ሌላ ቦታ።

ብሩክ፦ እኔም ሁለት መልስ ሰጠኝ፣ የቱ ነው ትክክል?
መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ማርታ፦ ቻትጂፒቲን ብንጠይቅስ?
መልስ፦ ጠይቂ፣ አትመኚ።

ዳዊት፦ እሺ መምህር፣ በሃርቫርድ ኪዮቶ፣ ራሞ ቫናም ጋቻቲቲ፣ የፊተኛው ቲ ረጅም ነው።
መልስ፦ ተመስገን፣ ጥያቄ መጣ! ጋቻቲና ኢቲ ናቸው፣ ሁለቱ አጭር ኢ ተገናኝተው አንድ ረጅም ኢ ሆኑ። ባለቤቱ ራሞ (ራማ ማለት ነው) እዛው ስላለ «በሚሄደው» የሚለው ይውጣ። ኢቲ የኛ «ብሎ» ነው፣ «ራማ ወደ ጫካ ይሄዳል» ብሎ... ማን ነው ያለው? የቀረውን ለጥፈው፣ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም።