«ፖዘቲቭ» የሚለው ወረቀት

ጥያቄ፦ ወንድሜ አንገቱ ላይ ንፍፊት አብጦበት ከርሞ ናሙና ተወሰደለት። አዲስ አበባ ተልኮ ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ። «በአንቲቦዲ ምርመራ ቢሲኤል-2 ፖዘቲቭ» ይላል። ከሐኪሙ ጋር ቀጠሮ ያለን ሐሙስ ነው። እናቴ ግን ያኛው ፖዘቲቭ መስሏት ቤቱን ለቅሶ ቤት አድርጋዋለች። አንቲቦዲው ደሙ ውስጥ ተገኘ ማለት ነው? ወይስ የሚሰጡት መድኃኒት ነው? (ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን አረጋጊልኝ። ያኛው አይደለም። እዚህ ወረቀት ላይ ፖዘቲቭ ማለት ናሙናው ቀለም ያዘ ማለት ነው።

አንቲቦዲ አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ይሄኛው ግን ከወንድምሽ ደም የመጣ ሳይሆን ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ የላብራቶሪ ዕቃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአይጥ ወይም ከጥንቸል ሴል የተሠራ። ናሙናው ሰም ውስጥ ይደረግና ከፀጉር በጣም ቀጥኖ ይቆረጣል፣ መስታወት ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ አንቲቦዲው ይንጠባጠብበታል። የሚፈልገውን ፕሮቲን ካገኘ ሙጭጭ ይላል፣ ካላገኘ ታጥቦ ይሄዳል። የተጣበቀበት ቦታ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፣ ሌላው ሰማያዊ። ለጅማ ሰው ቡናማን ማስረዳት አያስፈልገኝም መቼም።

ቢሲኤል-2 ደግሞ ሴል እንዳይሞት የሚይዝ ፕሮቲን ነው። የተበላሸ ወይም ጊዜው ያለፈበት ሴል ራሱን ያጠፋል፣ ይሄ ጤነኛ ነገር ነው። ቢሲኤል-2 ሲበዛ ግን መሞት የነበረበት ሁሉ አልሞትም ብሎ ይከማቻል። በአንዳንድ ሊምፎማ (ከንፍፊት ሴሎች የሚነሳ ካንሰር) ላይ የሚበዛው 14ኛውና 18ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ስለሚለዋወጡ ነው።

ግን ጤነኛ ሴሎችም ቢሲኤል-2 አላቸው! ስለዚህ ቃሏ ብቻዋን «ካንሰር ነው» አትልም። ዋናው የቀለመው የቱ ጋ ነው የሚለው ነው። ንፍፊት ውስጥ ክብ ክብ የሴል ሰፈሮች አሉ። በኢንፌክሽን ያበጠ ንፍፊት ላይ የክቦቹ መሀል ቡናማውን አይዝም፤ ፎሊኩላር ሊምፎማ የሚባለው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ መሀሉ ራሱ ይቀልማል። ሐሙስ ሐኪሙን ይህንኑ ጠይቂው። ወረቀቱ ላይ ከስር የተዘረዘሩ ሌሎች ምርመራዎች ካሉም አንድ በአንድ ያስረዳሽ፣ አትፈሪ።

መድኃኒት ነው ወይ ላልሽው፣ ይሄኛው አይደለም። አንቲቦዲ ትልቅ ነገር ስለሆነ በራሱ ሴል ውስጥ ዘልቆ አይገባም፣ ቢሲኤል-2 ደግሞ ያለው ውስጥ ነው። ለዚህ ነው እሱን የሚያግደው ቬኔቶክላክስ በ2016 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ መርፌ ሳይሆን ክኒን ሆኖ የመጣው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በመርፌ የሚሰጥ አንቲቦዲም አለ፤ ሪቱክሲማብ ከ1997 ጀምሮ ለሊምፎማ ይሰጣል፣ ግን የሚይዘው ሲዲ20 የሚባለውን፣ ሴሉ ላይ ከውጭ ያለውን ፕሮቲን ነው። ለወንድምሽ የቱ ይሆናል የሚለውን እኔ ከዚህ ሆኜ አልነግርሽም።

አንድ ነገር ብቻ። ሰም ውስጥ ያለው ናሙና ብሎክ ይባላል፣ ሌላ ምርመራ ቢታዘዝ ከእሱ ላይ እንደገና ይቆረጣል። የት እንደተቀመጠ ጠይቂና ቁጥሩን ደብተርሽ ላይ ጻፊው።