ከአንባቢ ለአንባቢ፦ «ያጸዳነው ዲች ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ሞላ»

በዚህ እትም የመረጥኳቸው ሶስት ደብዳቤዎች ሁሉም ከጅማ የመጡ ናቸው፣ ሶስቱም የበጎ ፈቃድ ስራን ስለሚነኩ አንድ ላይ ላምጣቸው ብዬ ነው። እኔም እዚሁ ከተማ ነዋሪ ነኝ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሰፈር ልጆች ጋር አካፋ ይዤ ስለምወጣ ጉዳዩ ቅርቤ ነው። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስም አላወጣሁም።

«ጉልበታችንን ነው እንዴ የምንጨርሰው?»

*ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮቺ አካባቢ ነው፣ ዘንድሮ ተመርቄ ስራ እየፈለግኩ ነው። ክረምት ላይ ከጓደኞቼ ጋር ግሩፕ ነገር መስርተን የሰፈራችንን ዲች ልናጸዳ ወጣን፣ ሙሉ ቀን ጭቃ ውስጥ ቆመን ፌስታሉን ሃይላንዱን ምናምኑን አወጣን፣ ውሃው መሄድ ሲጀምር በጣም ደስ አለን ፎቶም ተነሳን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ግን እንደነበረ ሆነ። እያጸዳን ሳለ ራሱ አንዲት ሴትዮ የሽንኩርት ልጣጭ ከፊታችን ደፋች። ሰው ደግሞ «ስንት ይከፍሏችኋል?» እያለ ይጠይቀናል። አሁን ከግሩፑ ግማሹ ቀርቷል። እውነት በኛ አቅም ለውጥ ይመጣል?*

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ሙሉ ቀን ጭቃ ውስጥ የዋለ ሰው ስራው በሁለት ሳምንት ሲበላሽበት ቢናደድ አይፈረድበትም። ለጥያቄሽ ቀጥታ ልመልስልሽ፣ አዎ ይመጣል፣ በናንተው አቅም ይመጣል፣ ግን ዲቹ በማን ደጅ ነው የሚያልፈው የሚለው ነገር ካልተነሳ አይመጣም። እናንተ አጽድታችሁ ወደየቤታችሁ ገባችሁ፣ ዲቹ ግን ውሎ የሚያድረው ከነዛ ቤቶች ጋር ነው። የቤቶቹ ሰዎች በር ላይ ቆመው አይተው አንዳቸውም አካፋ ካልጨበጡ ስራው የናንተ ሆኖ ነው የሚቀረው፣ የናንተ የሆነ ነገር ሲበላሽ ደግሞ እነሱን አይቆረቁራቸውም።

ያቺን ሴትዮ ሄደሽ አናግሪያት፣ ልትወቅሻት አይደለም፣ ጥያቄ ልትጠይቂያት ነው። የቤቷን ቆሻሻ የት ነው የምታጠራቅመው? ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች እሷ ቅያስ ድረስ ጋሪያቸው ይገባል ወይ? በስንት ቀን ነው የሚመጡት? ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚጥልባት ከተማ ናት፣ ጭቃው ሲብስ ጋሪ የማይገባበት ቅያስ ስንት አለ፣ በዛ ሰሞን ማዳበሪያ ሙሉ ቆሻሻ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር ማሳደር ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። መልሷ ምናልባት «የት ላድርገው ታዲያ?» ሊሆን ይችላል፣ እንደዛ ካለችሽ ደግሞ እውነተኛውን ስራችሁን አገኛችሁት ማለት ነው፣ ጋሪው እንዲገባ ቅያሱን ድንጋይ ማልበስ ወይም ሰብሳቢዎቹ የሚመጡበትን ቀን ተነጋግሮ ለሰፈሩ ማሳወቅ ሊሆን ይችላል። እሱ ሳይፈታ ዲቹን ሺህ ጊዜ ብታጸዱት ይሞላል።

በነገራችን ላይ ይሄ መጀመሪያ ጠይቅ የሚባለው ነገር ለኛ ከተማ አዲስ አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከግብርናው ኮሌጅና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህዶ ሲመሰረት ማህበረሰብ ተኮር ትምህርትን መንገዴ ብሎ ነው የተነሳው፣ ተማሪዎቹ «ሲቢቲፒ» በሚሉት የማህበረሰብ ተኮር ስልጠና ፕሮግራም በቡድን በቡድን ሆነው ሰፈር ይመደባሉ። መጀመሪያ ሲወጡ መጠየቅና መመዝገብ ብቻ ነው፣ ቀጥሎ ከተገኙት ችግሮች የቱ ይቅደም የሚለውን ይለያሉ፣ ወደ ስራው የሚገቡት ከዛ በኋላ ነው፣ መጨረሻ ላይም ምን እንደተለወጠ ይለካሉ። ጅማ ውስጥ ስንት ሰው በዚህ ቤት ይኖራል ተብሎ ያልተጠየቀ ሰው ማግኘት ይከብዳል፣ ነዋሪው አንዳንዴ «ጠይቃችሁ ትሄዳላችሁ፣ ያገኛችሁትን አትነግሩንም» ይላል፣ እኔም በዚህ ነዋሪው እውነት አለው ባይ ነኝ። ስለዚህ አንቺም ከጠየቅሽ የሰማሽውን መልሰሽ ለሰፈሩ ንገሪ።

የት ልንገር ካልሽኝ እድር አለልሽ። እስቲ አስቢው፣ የናንተ ግሩፕ የሌለው ነገር ሁሉ እድሩ ጋ አለ፣ የአባላት መዝገብ አለው፣ ወርሃዊ ስብሰባ አለው፣ ጡሩንባ ነፊ አለው፣ የቀረ ሰው መቀጫ የሚከፍልበት ደንብ አለው፣ ከሁሉም በላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሲናገር የሚሰማው ዳኛ አለው። እናንተ በቴሌግራም ስትጠሩ አስር ሰው ቢመጣ ነው፣ ጡሩንባው ሲነፋ ግን ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል። ለዳኛው ገንዘብ እንደማትጠይቁ መጀመሪያ ተናገሩ፣ ከስብሰባው አምስት ደቂቃ ብቻ ስጡን በሉ፣ የምትጠይቁትም ትንሽና ግልጽ ይሁን፣ እያንዳንዱ ቤት ከራሱ አጥር እስከ ጎረቤቱ አጥር ያለውን ዲች ብቻ በአስራ አምስት ቀን አንዴ ቅዳሜ ጠዋት ይጥረግ፣ አለቀ። አቅመ ደካማ ያሉበትን ቤት እናንተ ያዙት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ። ከተቻለ ደግሞ ሃሳቡን ዳኛው ራሳቸው ወይም ሰው የሚያከብራቸው አንድ ኦቦ ወይ ሃጂ ይናገሩት፣ እናንተ ከኋላ ሁኑ፣ የማን ሃሳብ ነበር የሚለው ነገር ይቅርባችሁ።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። ኪቶ በኩል ለሸክላ ጡብ አፈር የተቆፈረባቸው ጉድጓዶች አሉ፣ ክረምቱ ሲወጣ ውሃ አቁረው ይቀራሉ። ከልጆች ጋር ሆነን ስለ ወባ ለማስተማር ወጥተን ሰው አልሰማ አለን፣ የለመደው ንግግር ነዋ። ከመሃላችን አንዷ ልጅ ጭልፋ ተውሳ ከጉድጓዱ ውሃ ቀዳችና ነጭ ሳህን ላይ ገልብጣ ቡና የሚጠጡት ሴቶች መሃል አስቀመጠችው። ቀጫጭን የወባ ትንኝ እጮች ውሃው ላይ ጋደም ብለው ይታያሉ፣ ሳህኑን ነካ ስታደርጊው ውልብ እያሉ ወደ ታች ይወርዳሉ። አንዷ እናት ሲኒዋን አስቀምጣ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፣ ከዛ ሳህኑን አንስታ እኛን ሳትጠይቅ ወደ ጎረቤቷ ይዛው ሄደች። ያን ቀን ከዛ በኋላ እኛ ብዙም አልተናገርንም፣ እሷ ናት ቤት ለቤት ስትናገር የዋለችው፣ በሳምንቱም ጉድጓዱን ለመድፈን ልጆቿን ይዛ የወጣችው እሷ ናት።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ብዙ በጎ ፈቃደኛ የሚስተው ነገር አለ። እኛ አገር በብዛት ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን መጣል የምትወደው ጸሃይ በሚያገኘው ጠራ ያለ የዝናብ ውሃ ላይ ነው፣ የከብት ኮቴ ያቆረው፣ የመኪና ጎማ የሄደበት፣ የጡብ ጉድጓድ፣ እንደዛ ያለ። የሚሸተውን ዲች ብዙም አትመርጠውም። ስለዚህ ዲቹን የምናጸዳው ለወባ ነው ብላችሁ ከተናገራችሁና መስከረም ጥቅምት ላይ ወባው ከመጣ ሰው ዋሹን ይላል። ዲቹ ለጎርፍ ነው፣ ለሽታ ነው፣ ለልጆች ተቅማጥ ነው በሉ፣ ወባው ደግሞ ለብቻው ጉድጓድ የመድፈን ስራ ነው። ከእንቁላል ተነስታ ትንኝ እስክትሆን እንደ ሙቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው የሚፈጅባት፣ ይሄ ራሱ የሚነግርሽ ነገር አለ፣ በዓመት አንዴ ባነር ይዞ የሚወጣ ካምፔን እዚህ ጋ ምንም አይሰራም፣ በየሳምንቱ ጠዋት ግማሽ ሰዓት የምትወጣ አንዲት ቤተሰብ ትበልጣለች።

ከግሩፑ ግማሹ ቀረ ላልሽው ብዙ አትጨነቂ፣ የቀሩትን ግን አትውቀሻቸው፣ ነገ ዲቹ ሲለወጥ ተመልሰው ይመጣሉ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ሲሄድበት የነበረው መንገድ ይሄው ነው፣ መጀመሪያ ፈቃደኛ የሆኑትን ጥቂት ቤቶች ሞዴል ቤተሰብ ብሎ አሰልጥኖ ሌላው ከነሱ እንዲያይ ማድረግ። አንቺም ሰፈሩን በሙሉ አትያዢው፣ አንድ ቅያስ ያዢ፣ አራት አምስት ቤት። «ስንት ይከፍሏችኋል» ለሚለው ደግሞ እንደ ስድብ አትውሰጂው፣ ሰው ስንት ፕሮጀክት በአበልና በቲሸርት መጥቶ ሲሄድ አይቷል፣ ያየውን ነው የሚጠይቀው። ማንም አይከፍለንም፣ ጎርፉ የኛም ቤት ይገባል ብለሽ በቅንነት መልሺለት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም እዛው ሲያይሽ ያምንሻል። ከዲቹ ያወጣችሁት ፌስታል እኮ ብትተዉት አዌቱ ወንዝ ገብቶ፣ ቦዬ ረግረግ ደርሶ፣ ከዛ ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ነው የሚሄደው፣ እንግዲህ ስራችሁ ከኮቺ ያለፈ ነው።

«ያለኝ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው»

*የመንግስት ሰራተኛ ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። የሰፈር ተማሪዎችን ሂሳብና እንግሊዝኛ ላስጠና ፈልጌ በክረምት ጀመርኩ፣ መጀመሪያ ቤቱ ሞልቶ ነበር፣ ጥቅምት ላይ ግን አምስት ልጅ ብቻ ቀረኝ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ምን ይለውጣል ብዬ ልተወው እያሰብኩ ነው።*

ወንድሜ፣ እባክህ አትተወው። ጥቅምት ላይ ልጆቹ የት እንደሄዱ ጠይቀሃል? እኛ አካባቢ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ቡና ለቀማ ነው፣ ከተማ ያለውም ልጅ ቢሆን ገጠር ያለ ዘመድ ጋ ይሄዳል፣ ቤተሰቡም በዛ ሰሞን ነው ገንዘብ የሚያየው። ልጆቹ ሰነፉ ማለት አይደለም፣ ያንተ ፕሮግራም ከቡናው ጋር ተጋጭቶ ነው። ከባድ ከባዱን ከጥር በኋላ አድርገው፣ ጥቅምትና ህዳርን ለመጡት ብቻ ቀለል አድርገህ ያዝ፣ በሩ ግን አይዘጋ፣ ልጅ ተመልሶ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ካገኘው ሁለተኛ አይመጣም።

ሁለት ሰዓት ምን ይለውጣል ላልከው፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2016ም 5.4 በመቶ ነው የደረሰው። ይሄ ቁጥር የአንድ ዓመት ችግር አይደለም፣ ሶስተኛ አራተኛ ክፍል ላይ ማንበብ ሳይችል ያለፈ ልጅ እየተጠራቀመ የመጣ ነው። ስለዚህ አንተ ከቻልክ ትንንሾቹን ያዝ። በአፋን ኦሮሞ የሚማሩትን በሚማሩበት ቋንቋ አስረዳቸው፣ ካልቻልክ ከዘጠነኛና አስረኛ ክፍል ጎበዝ ልጅ ፈልገህ አጠገብህ አስቀምጥ፣ እሱ ያስረዳ አንተ እርዳው። ይሄ ለቋንቋው ብቻ አይደለም የሚጠቅምህ፣ አንተ ስትታመም ወይ ስትዛወር ጥናቱ አብሮህ እንዳይሄድ ነው። ከአምስቱ ልጆች ሁለቱ ነገ ሌላ ልጅ ማስጠናት ከቻሉ ቅዳሜህ ከበቂ በላይ ሰርቷል ብዬ አምናለሁ። ደግሞ ለዚህ ብለህ ከሁለቱ ልጆችህ ጊዜ አትውሰድ፣ እነሱም አብረው ይቀመጡ።

«ልጄ በነጻ ይለፋል»

*ልጄ ተመርቆ ስራ አላገኘም፣ ቀኑን ሙሉ ቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ነኝ እያለ ይወጣል። ሰው በነጻ እየለፋ እንዴት ይኖራል? ምከሩልኝ፣ እናት ነኝ።*

እናቴ፣ ጭንቀትዎ ልክ ነው፣ ስራ የሌለው ልጅ ቤት ሲኖር የሚያስበው እሱ ብቻ አይደለም። ግን አይከልክሉት። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማህበር ነው፣ በጎ ፈቃደኞቹም የመጀመሪያ እርዳታ ይማራሉ፣ ከሰው ጋር መስራት ይለምዳሉ፣ ቤት ተቀምጦ በር በር ከማየት ብዙ ይሻላል። በርስዎ በኩል ሁለት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ ቀኑን ይከፋፍል፣ በሳምንት ሁለት ሶስት ቀን ለበጎ ፈቃዱ ይሁን፣ የቀረውን ስራ ፍለጋ ይውጣ፣ ይሄን ቁርጥ አድርገው ይንገሩት። ሁለተኛ የወሰደው ስልጠና ካለ የምስክር ወረቀቱን፣ ያገለገለበትንም ጊዜ የሚገልጽ ማህተም ያለው ደብዳቤ አሁኑኑ ይጠይቅ፣ ኃላፊው ከተቀየረ በኋላ ማስጻፍ ያስቸግራል። ሲያመጣው ኮፒ አስነስተው ዋናውን እርስዎ ጋ ያስቀምጡት፣ ኮፒውን ስራ ሲያመለክት ከሲቪው ጋር ያያይዘው።