ሞትን የፈራ ልጅ እምነት ጎድሎታልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በየካ አባዶ ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ አዳጊዎችን በሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ስለ ሞት የሚሰማቸውን ለማወቅ «እውነት/ሐሰት» የሚባል ባለ 15 ጥያቄ መጠይቅ፣ ስም ሳላስጽፍ፣ አስሞላኋቸው። ብዙዎቹ ሞትን በጣም እንደሚፈሩ መለሱ። ከሥር በተውኩት ባዶ መስመር ላይ ደግሞ ጥቂቶች «ሞት ዕረፍት ነው» ብለው ጽፈዋል። የፈሩትን እምነታቸውን በምን ላጽናላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺን ያሳሰቡሽ የፈሩት ናቸው፤ እኔን ያሳሰቡኝ ግን እነዚያ ጥቂቶቹ ናቸው።

ፍርሃትን እንደ ክህደት መቁጠር በየጉባኤው የሚያጋጥመኝ ስሕተት ነው። ጌታችን በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» አለ (ማቴ. 26፥38)። ነፍስና ሥጋ አብረው ሊኖሩ ተፈጥረዋልና መለያየታቸው ትንሣኤን የሚያምነውንም ያስጨንቃል። ይልቁን መምህሩ ፊት ቆሞ «አልፈራም» የሚል ልጅ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ለማርክ ነው።

መጠይቅሽ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቴምፕለር እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ከሆነ የሞት ጭንቀትን ብቻ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ባለ 32 ዐረፍተ ነገር መለኪያ አምስት ነገር ይለያል፦ መፍራት፣ ሐሳቡን መሸሽ፣ የተፈጥሮ ዕጣ ነው ብሎ መቀበል፣ የወዲያኛውን ሕይወት በተስፋ መጠበቅ፣ ከዚህ ኑሮ ማምለጫ አድርጎ መመኘት። እያንዳንዱ ለየብቻ ይደመራል እንጂ አንድ ላይ አይጠቀለልም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በወረቀት ላይ መንታ ይመስላሉ። ጳውሎስ ከክርስቶስ ጋር ሊኖር ናፈቀ፣ ግን ለምእመናን ሲል መቆየትን መረጠ (ፊልጵ. 1፥23-25)። ኤልያስ ግን ደክሞት ሞትን ለመነ፤ መልአኩም አልገሠጸውም፣ እንጎቻ አበላው እንጂ (1ነገ. 19)።

ስም ስለሌለው የጻፈውን መለየት አትችይም፤ ስለዚህ ሁሉንም በየተራ ለብቻ አነጋግሪ። «ዕረፍት ከምን?» በይ። መልሱ ካሳሰበሽ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም። አዎ ካለ «ኃጢአት ነው» በሚል አትጀምሪ፣ ብቻውንም አትተዪው፤ በዚያው ቀን ለወላጆቹ ተነግሮ ሐኪም ይየው፣ የንስሐ አባቱም አብረው ይኑሩ። ጸበሉ ሕክምናውን አይከለክልም።

ለወደፊቱ የራሳቸውን ሞትና የወላጆቻቸውን ሞት በየፊናው ጠይቂ፤ «እፈራለሁ» ያለው ልጅ የሚፈራው የእናቱን ሊሆን ይችላል። በሰፈሩ ለቅሶ ባለበት ሳምንት አታስሞዪ። ወላጆች አስቀድመው ይፍቀዱ፤ ልጆቹም የትኛውን መልስ በምስጢር እንደማትይዢ ከመጻፋቸው በፊት ይወቁ።