እንደ ትንኝ የሚጮኸው ዲናሞ

ከአጋሮ አንድ ወንድም እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከጦር ሠራዊት የተወገደ ባለ ጎማ ጀኔሬተር በጨረታ ገዛሁ፤ 60 ኬቪኤ ነው። ሞተሩ ገና ሲነካ ይነሳል፣ ድምፁም ደህና ነው። የቡና መፈልፈያዬን ባለ 7.5 ኪሎዋት ዲናሞ ሳገናኘው ግን እንደ ትንኝ ይጮኻል እንጂ አይዞርም። በቴስተር ስለካው አንዱ ፌዝ 115 ቮልት፣ ፌዝ ከፌዝ 200 ቮልት ነው። አንዱ ኤሌክትሪሻን ‹ትራንስፎርመር አስገብተህ 380 አድርሰው› አለኝ። ሌላው ‹ጅማ ወስደህ አስጠምጥመው› ይለኛል። የቱን ልስማ?»

ሁለቱንም አትስማ።

ነገሩን ያወቅሁት ከቮልቱ ይልቅ «እንደ ትንኝ» ባልካት ቃል ነው። ቮልት ያነሰው ዲናሞ በወፍራሙ ያጉረመርማል፣ ወዲያውም ይግላል። ቀጭን ፉጨት የሚያሰማው ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም መብራቱ በሴኮንድ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስበት ብዛት፣ ሲበዛበት ነው። 115 እና 200 ቮልት ደግሞ የአውሮፕላን መብራት መለያ ነው፤ አብሮት የሚሄደው ፍሪኩዌንሲ 400 ኸርዝ ነው። የኛ አገር መብራት 50 ነው። ስለዚህ የገዛኸው አውሮፕላን ሞተሩን አጥፍቶ መሬት ላይ ሲቆም መብራት የሚሰጠውን ጋሪ ነው። አየር ማረፊያ ሄደህ ከሆነ ወፍራም ገመዱን አውሮፕላኑ ሆድ ላይ ሲሰኩት አይተህ ይሆናል።

አውሮፕላን ላይ 400 የተመረጠው ለክብደት ነው። ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ትራንስፎርመሩም ዲናሞውም በትንሽ ብረት ይሠራል፤ ለሚበር ነገር እያንዳንዱ ኪሎ ዋጋ አለው። መሬት ላይ ላለ ቡና መፈልፈያ ግን ምንም አይጠቅመውም።

እርግጠኛ ለመሆን ኸርዝ የሚያነብ ቴስተር ተዋስና ለካው። ካጣህ አልተርኔተሩ (ሞተሩ እያዞረው መብራት የሚያመነጨው ክፍል) ላይ የተለጠፈችውን ታርጋ በጨርቅ ወልውላት፤ 400 የሚል ቁጥር ታገኛለህ። ጎኑ ላይ 28 ቮልት ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ) የሚሰጥ ሌላ ሶኬት ካለውማ ጥርጣሬው አበቃ፤ እሱም የአውሮፕላን ነው።

አሁን ትራንስፎርመሩ ለምን እንደማይሆን ልንገርህ። ትራንስፎርመር ቮልት ይቀይራል፣ ኸርዝ አይቀይርም። ባለ 4 ፖል (የመግነጢስ ጫፍ) ዲናሞህ በ50 ኸርዝ በደቂቃ 1,500 ዙር ለመሄድ የተሠራ ነው። በ400 ኸርዝ መግነጢሱ በደቂቃ 12,000 ዙር ይሽከረከርበታል። ሽቦው ደግሞ ለዚህ ፍጥነት ስምንት እጥፍ ስለሚከለክል ውስጡ የሚገባው ከረንት ትንሽ ነው። 380 ቮልት ሙሉውን ብትሰጠው እንኳ ጉልበቱ ከተለመደው ስልሳ አራተኛው ያህል ቢሆን ነው። መፈልፈያውን ይቅርና የራሱን ቺንጋም አይጎትት። በአንድ በኩል ግን ዕድለኛ ነህ፤ ከረንቱ ትንሽ ስለነበር ዲናሞህ ተቃጥሏል ብዬ አልሰጋም። ለማንኛውም የሽቦውን ሽፋን ደህንነት በሚለካው መሣሪያ፣ በሜገር፣ አስለካው።

የተገላቢጦሹ ነው አደገኛው። ልጅ ሳለሁ ከእንዲህ ያለ ጨረታ የወጣች ቆንጆ ትንሽ ቬንትሌተር ገዝቼ ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰካኋት። የ400 ኸርዝ ዕቃ 50 ሲያገኝ የሚከለክለው ስለሚያጣ ከረንቱን እንደ ውሃ ይጠጣል። እኔ ማብሪያውን ሳልለቅ እሷ ጭስ ሆነች። ጎረቤቴ ያለው ቡና ቤት ሳይቀር ሸተተው።

ማስጠምጠሙን በተመለከተ፣ ጠምጣሚ እኔ ነኝና ገንዘብህን ብቀበል ደስ ባለኝ። ግን አይሆንም። ሞተርህ በ2,000 ዙር የሚሠራ ከሆነ (ታርጋው ይነግርሃል) 400 ኸርዝ ለማውጣት አልተርኔተሩ 24 ፖል አለው ማለት ነው። ፖሎቹ የተቆረጡት ሮተሩ (የሚዞረው ክፍል) ብረት ላይ ስለሆነ የስታተሩን (የማይዞረውን ክፍል) ሽቦ ብቀይርልህ አይለወጡም። «ሞተሩን ቀስ ብናደርገውስ?» እንዳትለኝ፤ 50 ኸርዝ ለማግኘት በደቂቃ 250 ዙር ላይ ማውረድ አለብህ። ናፍታ ሞተር እዚያ ሳይደርስ ይጠፋል፣ ቢደርስም ቮልቱ አብሮት ይወርዳል።

እንግዲህ ኪሳራ ነው አትበል። የገዛኸው መብራት ሳይሆን ሞተር ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. ፖል ማንትዝ የሚባል አሜሪካዊ አብራሪ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ 475 አውሮፕላኖችን በ55,000 ዶላር በጅምላ ገዝቶ ነበር። ለራሱ ጥቂቶቹን አስቀርቶ የቀረውን ሸጠ፤ ታንካቸው ውስጥ የቀረው ቤንዚን ብቻ ብዙ ገንዘብ እንዳስገኘለት ይወራል። የጦር ዕቃ የሚያተርፈው እንዲህ በታትኖ ለሚያየው ሰው ነው።

እኔ ብሆን አልተርኔተሩን ፈትቼ አወርድና ባለ 4 ፖል፣ 50 ኸርዝ፣ 30 ኬቪኤ አልተርኔተር እገጥምለታለሁ። የሞተሩን ገቨርነር (ዙሩን የሚቆጣጠረውን) 1,500 ዙር ላይ አወርዳለሁ። 60 ኬቪኤ የሚለው ወደ 48 ኪሎዋት ነው፤ ዙሩ ከ2,000 ወደ 1,500 ሲወርድ ሩቡ ይቀነሳል። የኛ አገር ከፍታም ይቀንስበታል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ያጣል፣ አጋሮና ጅማ ደግሞ ሁለቱም ከ1,500 ሜትር በላይ ናቸው። ይህ ሁሉ ተቀንሶ ወደ 30 ኪሎዋት ይተርፍሃል። ዲናሞህን በስታር ዴልታ (ሲነሳ የሚስበውን ከረንት በሚቀንስ አገናኝ) ካስነሳኸው አይከብደውም።

አልተርኔተሩን ከመግዛትህ በፊት የፍላይዊሉን (ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለውን ከባድ መሽከርከሪያ) ቤት በሜትር ለካ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹን ቁጥርና ከመሃል ያላቸውን ርቀት ጻፍ። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። የማይገጥም አልተርኔተር ገዝቶ አስማሚ ፍላንጅ ቶርኖ ቤት ማስቆረጥ ይቻላል፤ ግን በትንሹም ቢሆን ከመሃል ከወጣ ቤሪንጉን በወራት ውስጥ ይበላዋል።

ሌላ መንገድም አለ። ዲናሞህ ታርጋው ላይ 220/380 የሚል ከሆነ በዴልታ አስረህ ባለ 220 ቮልት ኢንቨርተር ድራይቭ ልትጠቀም ትችላለህ። ድራይቭ መጀመሪያ የገባውን ወደ ዲሲ ቀይሮ ከዚያ 50 ኸርዝ ስለሚያወጣ የመጣበት ፍሪኩዌንሲ ብዙም አይገደውም። አንዳንዱ ግን 400 ሲያይ ስህተት ብሎ ይቆማል። ስለዚህ በዲሲ መቀበል የሚችለውን ምረጥና ከውጭ ባለ ስድስት ዳዮድ ሬክቲፋየር (ወደ ዲሲ ቀያሪ) አድርግለት፤ 200 ቮልቱ 270 ቮልት ዲሲ ገደማ ይሆናል። ይህ እጅ የሚያስቀር ቮልት ነው፤ ካጠፋኸውም በኋላ ካፓሲተሩ ስለሚይዘው ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳትጠብቅ አትንካው። ታርጋው 380/660 ካለ ግን ይህን መንገድ እርሳው። የመፈልፈያ ቤት ገለባና አቧራም የድራይቭ ጠላት ነው፤ በደንብ የሚዘጋ ሳጥን ውስጥ ካልገባ ዓመት አይቆይም።

በየትኛውም መንገድ ብትሄድ፣ ይህ ሞተር ለ7.5 ኪሎዋት ብቻ ትልቅ ነው። ናፍታ ሞተር ሲሶ ጭነት እንኳ ሳያገኝ ቀኑን ሙሉ ከዋለ በደንብ አይሞቅም፤ ጭስ ማውጫው ጥቁር ቅባት ያንጠባጥባል፣ ናፍታም ይበላል። የውሃ ፓምፑን ወይም የጎረቤትህን ወፍጮ አብረህ አስነሳበት።

የወረደውን አልተርኔተር ለቁርጥራጭ ብረት እንዳትሸጠው። 28 ቮልቱ የሚሠራ ከሆነ የጭነት መኪና ባትሪ ለሚሞላ ሰው ይፈለጋል።

አሁን የዲናሞውን ታርጋና የሞተሩን ታርጋ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። እስከዚያ ድረስ ለትራንስፎርመር ቀብድ አትክፈል።